የሳንቲም መጽሔቱን ላድስ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ወርኃዊ መጽሔት ደንበኛ ከሆንኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። የምሰበስበው የ19ኛውንና የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ትልልቅ የብር ሳንቲሞች ነው። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን እትም ከዳር እስከ ዳር አነብ ነበር። አሁን ግን የዋጋ ሰንጠረዡን ብቻ አይቼ አስቀምጠዋለሁ፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከነላስቲኩ ተቀምጧል። ባለቤቴ «ለማታነበው ነገር ለምን ትከፍላለህ?» ትለኛለች። ሰሞኑን የእድሳት ደብዳቤ ደርሶኛል፤ የሦስት ዓመቱን አንድ ላይ ብከፍል ቅናሽ አለው። ብተወው ደግሞ ከዋጋ ወሬ እንዳልርቅ እፈራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የሦስት ዓመቱን ክፍያ ይተዉት። ማደስ አለማደሱን ገና እናየዋለን፤ ይህን ግን አሁኑኑ መወሰን ይቻላል። ደንበኝነት አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ ነው። መጽሔቱ በመሃል ሕትመቱን ቢያቆም፣ በሁለት ወር አንዴ ወደ መውጣት ቢወርድ ወይም ከሌላ መጽሔት ጋር ቢዋሃድ፣ ቀሪ ገንዘብዎን ማስመለስ አድካሚ ነው። ብዙ ጊዜ በቀሪው ሒሳብ ልክ ያልመረጡት ሌላ መጽሔት ይላክልዎታል። በጉጉት የሚጠብቁት መጽሔት ቢሆን እንኳ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ መክፈልን አንመክርም። ከነላስቲኩ ለሚቀመጥ መጽሔትማ ቅናሹ ምንም አያተርፍልዎትም።

ደብዳቤው ቢያጣድፍዎትም ጊዜ አለዎት። የእድሳት ማሳሰቢያ ደንበኝነቱ ከማለቁ ወራት ቀድሞ መላኩ የተለመደ ነው። መጽሔቱ በሚመጣበት ላስቲክ ወይም ፖስታ ላይ ስምዎ የታተመበትን ተለጣፊ ወረቀት ይመልከቱ፤ ብዙ አሳታሚዎች የመጨረሻውን እትም ወርና ዓመት እዚያው ያሰፍራሉ። ደብዳቤው በእርግጥ ከአሳታሚው የመጣ መሆኑንም ያጣሩ። ከአሳታሚው ጋር ምንም ውል የሌላቸው ሰዎች የእድሳት ደብዳቤ አስመስለው እየላኩ ገንዘብ መሰብሰባቸው የቆየ ማጭበርበሪያ ነው። የክፍያ አድራሻው በመጽሔቱ ውስጥ የአዘጋጆች ስም ከተዘረዘረበት ገጽ ጋር ካልገጠመ ምንም አይክፈሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ከደብዳቤዎ ውስጥ የገረመን «የዋጋ ሰንጠረዡን ብቻ አይቼ» ያሉት ነው፤ ምክንያቱም ከአንድ የሳንቲም መጽሔት ቶሎ የሚያረጀውና በነፃ የሚተካው ክፍል እሱ ነው። ወርኃዊ መጽሔት ተጽፎና ታትሞ እጅዎ እስኪገባ ሳምንታት ያልፋሉ፤ የብር ማዕድን ዋጋ ግን በቀን ውስጥ እንኳ ከፍ ዝቅ ይላል። እርስዎ ከሚሰበስቧቸው ሳንቲሞች በብዛት የተመረቱትና በግብይት ያረጁት፣ ዋጋቸው ከያዙት ብር ብዙም አይርቅም። ለእነሱ የሚያስፈልግዎት ሚዛንና ካልኩሌተር ነው። ሞርጋን ዶላር የተባለው የአሜሪካ የብር ሳንቲም 26.73 ግራም ይመዝናል፤ ንጥረቱ፣ ማለትም ከክብደቱ ንጹሕ ብር የሆነው ክፍል፣ 0.900 ነው። ሁለቱ ሲባዙ 24.06 ግራም ንጹሕ ብር ይወጣል። የከበሩ ማዕድናት መለኪያ የሆነው አንድ ትሮይ አውንስ 31.1035 ግራም ስለሆነ፣ ለዚህ ሲካፈል 0.773 አውንስ ይሆናል። የማሪያ ቴሬዛ ታለር ደግሞ 28.07 ግራም ሆኖ ንጥረቱ 0.833 ስለሆነ 0.752 አውንስ ይይዛል። ይህን ስሌት ለእያንዳንዱ ሳንቲምዎ አንድ ጊዜ ሠርተው ማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ይጻፉት። ከዚያ በኋላ የዕለቱን የአውንስ ዋጋ በዚያ ቁጥር ማባዛት ብቻ ነው የሚቀርዎት፤ የሚቀጥለውን እትም የሚጠብቁበት ምክንያት የለም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ፦ ብዙ ያረጀ ሳንቲም ከተጻፈለት ክብደት ስለሚቀንስ፣ የካታሎጉን ሳይሆን ራስዎ የመዘኑትን ክብደት ይጠቀሙ።

ለብርቅዬ ሳንቲሞች ሰንጠረዡ የሚያሳስትበት መንገድ ሌላ ነው። ዋጋዎቹ የተደረደሩት በጥራት ደረጃ ነው፤ ደረጃውም ዊልያም ሼልደን በ1949 ለአሜሪካ ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው፣ በኋላም ለሌሎች ሳንቲሞች የተስፋፋው ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ ነው። በግብይት ባልዋሉ ሳንቲሞች ዘንድ በ63 እና በ65 መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን ትንሽ ሆኖ ሳለ፣ ዋጋው ግን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ሰው የራሱን ሳንቲም ደረጃ ሲገምት ደግሞ ወደ ላይ ማድላቱ አይቀርም። ሰንጠረዡ የተወለወለ፣ የተቧጨረ ወይም ጠርዙ የተነካ ሳንቲምን ጨርሶ አያውቅም፤ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ ሳንቲም ይዞ የ63ን ዋጋ መመኘት የተለመደ ስሕተት ነው። በዚያ ላይ የታተመው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴ ሲሸጥ የሚጠይቀው እንጂ ከእርስዎ ሲገዛ የሚከፍለው አይደለም።

እውነተኛው ዋጋ ያለው በተፈጸሙ ሽያጮች ውስጥ ነው። ትላልቅ አጫራች ድርጅቶች ያለፉ ጨረታዎቻቸውን ከነፎቶው በድረ ገጻቸው ያቆያሉ፤ አንዳንዶቹ የሚጠይቁት መመዝገብን ብቻ ነው። ተመሳሳይ ዓመት፣ ተመሳሳይ ማተሚያ ቤት (ሳንቲሙ የተመረተበት) እና ተመሳሳይ ደረጃ ያላቸውን አምስት ሽያጮች ይፈልጉ፤ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ትተው በቀሩት ሦስት ይፍረዱ። አንዱ አጫራች መዶሻ የተመታበትን ዋጋ፣ ሌላው ደግሞ የገዢ ኮሚሽን የተጨመረበትን ሊጽፍ ስለሚችል፣ ከማወዳደርዎ በፊት ይህን ያጣሩ። እንዲህ ካደረጉ ከዋጋ ወሬ አይርቁም፤ እንዲያውም አሁን ካሉበት ይቀርባሉ።

ታዲያ በመጽሔት ውስጥ ገንዘብ የሚገባው ምንድን ነው? በእጅዎ ያለን ሳንቲም እንደገና አውጥተው በማጉያ መነጽር እንዲያዩ የሚያስገድድዎ ጽሑፍ ነው። ለምሳሌ በ1893 በሳን ፍራንሲስኮ የተመረተውን ሞርጋን ዶላር እንውሰድ። የተመረተው 100,000 ብቻ ስለሆነ ከተከታታዩ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ስለዚህም አጭበርባሪዎች በዚያው ዓመት በፊላደልፊያ በተመረተው ሳንቲም ጀርባ ላይ ከአበባ ጉንጉኑ ሥር «ኤስ» ፊደል ይለጥፋሉ። ጥሩ ጽሑፍ በጥንቃቄ ይግዙ ብሎ አያቆምም። እውነተኛው ሳንቲም ፊት ላይ «ሊበርቲ» በሚለው ቃል የ«ቲ» ፊደል አናት ላይ ሳንቲሙ ከተመታበት የቅርጽ ማውጫ የመጣ ቀጭን ሰያፍ መስመር እንዳለ በፎቶ አስደግፎ ያሳያል። ይህን አንዴ ያወቀ ሰው ከዓመታት በኋላም ይጠቀምበታል። የማሪያ ቴሬዛ ታለርም እንዲሁ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ከሞቱ በኋላ የትም ይመረት፣ መቼም ይመረት ዓመቱ 1780 ተብሎ ነው የሚታተመው፤ ከቪየና ሌላ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይና ሌሎችም አትመውታል። የትኛው የየት እንደሆነ የሚለየው በንግሥቲቱ ብሮሽ ላይ ባሉት ዕንቁዎች፣ በንስሩ የጭራ ላባዎችና በመሳሰሉት ጥቃቅን ነገሮች ስለሆነ፣ ይህን በሥዕል አነጻጽሮ የሚያቀርብ አራት ገጽ ከዓመት ሙሉ የዋጋ ሰንጠረዥ ይበልጣል።

የፍተሻ ዘዴ የሚያስተምር ጽሑፍም እንደዚያው ነው። የሳንቲምን እፍጋት፣ ማለትም ክብደቱ ለመጠኑ ሲካፈል የሚወጣውን ቁጥር፣ መለካትን ይመልከቱ። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ጠባብ የፕላስቲክ ኩባያ፣ ውኃና ቀጭን ክር ይበቃሉ። መጀመሪያ ሳንቲሙን በአየር ይመዝናሉ። ቀጥሎ ውኃ ያለበትን ኩባያ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይመልሳሉ። ከዚያ ሳንቲሙን በክር አንጠልጥለው፣ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ያጠልቁታል። ሚዛኑ ላይ በሚወጣው ቁጥር የመጀመሪያውን ክብደት ያካፍላሉ። እውነተኛ የሞርጋን ዶላር 2.59 አካባቢ ያሳያል፤ 26.73 ለ2.59 ሲካፈል 10.3 ይሆናል፤ ይህም የ0.900 ብር እፍጋት ነው። ክብደቱ ተስተካክሎ ከመዳብና ኒኬል ቅይጥ የተሠራ ፎርጅድ ግን 3.00 አካባቢ ያሳያል፤ ውጤቱም ወደ 8.9 ይወርዳል። ፎርጅድ ሠሪዎች ክብደቱን ለማስተካከል ሳንቲሙን ያወፍሩታል፤ ሚዛን ላይ ያልተያዘው እዚህ የሚያዘውም ለዚህ ነው። ውጤቱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሳንቲሙ ላይ በተጣበቀ የአየር አረፋ ነው። አረፋው የሳንቲሙን መጠን የበለጠ አስመስሎ እፍጋቱን ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ሳንቲሙን ውኃው ውስጥ ቀስ አድርገው ነቅነቅ አድርገው ደግመው ያንብቡ። ይህን ያህል ዝርዝር የሚሰጥ መጽሔት ካገኙ ይያዙት።

የእርስዎ መጽሔት እንዲህ መሆኑን ለማወቅ ግምት አያስፈልግም። የመጨረሻዎቹን 12 እትሞች፣ የታሸጉትንም ጨምሮ፣ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው በእርሳስ ይመርምሯቸው። ጽሑፉ ደስ ይላል ወይ ብለው አይጠይቁ፤ ሳንቲም ለሚወድ ሰው ስለ ሳንቲም የተጻፈ ሁሉ ደስ ይላል። ይልቅስ አሁን ያለዎትን ወይም በዚህ ዓመት ሊገዙት ያሰቡትን አንድ የተወሰነ ሳንቲም ለመለየት፣ ለመፈተሽ ወይም በአግባቡ ለማስቀመጥ የረዳዎትን ጽሑፍ ሲያገኙ፣ የሳንቲሙን ስምና የገጹን ቁጥር ሽፋኑ ላይ ይጻፉ። የሳንቲሙን ስም መጻፍ ካልቻሉ ጽሑፉን አይቁጠሩት። በእጅዎ ባለ ካታሎግ ውስጥ ያለ መረጃም አይቆጠርም። በተለይ ማተሚያ ቤቶች ስለሚያወጧቸው አዳዲስ መታሰቢያ ሳንቲሞች የሚወጣውን ዜና ይዝለሉት፤ አብዛኛው ከማተሚያ ቤቱ መግለጫ የተቀዳ ማስታወቂያ ነው።

በ12ቱ እትሞች ውስጥ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አምስትና ከዚያ በላይ ከተገኘ ለአንድ ዓመት ያድሱ። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ ይተዉት። ሦስት ወይም አራት ከሆነ፣ የማውጫ ገጹን በድረ ገጽ እያዩ የሚፈልጉትን እትም ብቻ በነጠላ መግዛት ይሻላል። ምናልባት ጥሩዎቹ ጽሑፎች ያሉት ከነላስቲኩ በቀሩት እትሞች ውስጥ ሆኖ ያገኙት ይሆናል። ያኔ ጥፋቱ የመጽሔቱ አይደለም፤ የጎደለው ጊዜ ነውና በነጠላ መግዛቱ ለእርስዎም ይስማማል።

በዚያው ተቀምጠው ሌላ ቆጠራም ያድርጉ። አንድ እትም ከመጀመሪያው ዓመትዎ፣ አንድ ከዘንድሮው ይውሰዱና የእያንዳንዱን ጠቅላላ ገጽ፣ ከዚያ ውስጥ ማስታወቂያ የያዘውን ገጽ ይቁጠሩ። መጽሔቶች ገጽ የሚቀንሱት ቀስ በቀስ ስለሆነ በየወሩ ለሚቀበል ሰው አይታየውም። የእርስዎን ዓይነት ሳንቲም የሚመለከተው ገጽ ስንት እንደሆነም ይዩ። የዓለም የብር ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው፣ አብዛኛው ገጹ በአንድ አገር ሳንቲም ላይ ለተመሠረተ መጽሔት መክፈሉ በጀማሪነት ዘመን ምንም አይደለም፤ ጀማሪ ሁሉንም ማየቱ ይጠቅመዋል። ስድስት ዓመት ለሰበሰበና መስመሩን ለያዘ ሰው ግን ብዙም አያዋጣም።

ማስታወቂያውን ካነሣን፣ መጽሔቱ የሚያስወጣዎት የደንበኝነቱን ክፍያ ብቻ ላይሆን ይችላል። ባለፉት ሁለት ዓመታት በመጽሔቱ ማስታወቂያ ምክንያት የገዟቸውን ሳንቲሞች ይዘርዝሩ። ከስብስብዎ ጋር የማይሄዱት፣ ቀለም የተቀቡት፣ «በተወሰነ ቁጥር ብቻ» ተብለው የተሸጡት ስንት ናቸው? «ብር የተለበጠ» የሚል ጽሑፍ በደቃቁ የተጻፈበት ዕቃ ንጥረት የለውም፤ መንግሥት ያላወጣው በግል ድርጅት የተሠራ ሜዳሊያም ሳንቲም አይደለም። እንዲህ ያሉት ሦስት አራት ከሆኑ፣ ወጪያቸው ከደንበኝነቱ ክፍያ በልጦ ሊያገኙት ይችላሉ። የእኛን ሐሳብ ከጠየቁን ለብዙ ሰብሳቢዎች ሚዛን የሚደፋው ይህ ቁጥር ነው።

መጽሔቱን ከተዉት ገንዘቡን በዚያው መስመር ያውሉት። በመጀመሪያ የሚሰበስቡትን ዓይነት ሳንቲም ብቻ የሚመለከት፣ የቅርጽ ልዩነቶችን በፎቶ የሚያሳይ አንድ ደህና ካታሎግ ይግዙ፤ ዋጋው ቢያረጅም የመለያ መረጃው አያረጅም። ለመነሻ መረጃ ኑሚስታ የተባለው ነፃ የኢንተርኔት ካታሎግ ክብደትን፣ ስፋትን፣ ንጥረትንና የምርት ብዛትን ይሰጣል። መረጃውን የሚያሰባስቡት ሰብሳቢዎች ራሳቸው ስለሆኑ ውድ ነገር ሲገዙ በሌላ ምንጭ ያመሳክሩ። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ኒውማን ኑሚስማቲክ ፖርታል የተባለ የሳንቲም ጥናት ድረ ገጽ ደግሞ የቆዩ የሳንቲም መጽሔቶችንና የጨረታ ካታሎጎችን ዲጂታል አድርጎ በነፃ አቅርቧል። አንድን የሳንቲም ስም በውስጡ መፈለግ ይቻላል፤ ይህን ደግሞ የወረቀት ክምርዎ አይሰጥዎትም።

በየወሩ የሚመጣ ነገር ካልቀረ ደስ የሚልዎት ከሆነ፣ የማኅበር አባልነትን ከንግድ መጽሔት ጋር ያወዳድሩ። በ1891 የተመሠረተው የአሜሪካ ኑሚስማቲክ ማኅበር «ዘ ኑሚስማቲስት» የተባለ መጽሔት አለው፤ ጆርጅ ሂዝ የተባሉ ሐኪም በ1888 የጀመሩት ነው። እንዲህ ያለው አባልነት ከመጽሔቱ ሌላ ከማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የመዋስ መብት ይሰጣል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያዩት ውድ ካታሎግ ሲያስፈልግዎ ይህ መብት ብቻውን ክፍያውን ሊያክስ ይችላል፤ ከመመዝገብዎ በፊት ግን እርስዎ ወዳሉበት አገር የሚልኩ መሆናቸውን ይጠይቁ።

ለመተው ከወሰኑ ዝም ብሎ አለመክፈል ሁልጊዜ አይበቃም። ክፍያው በካርድ ከሆነ፣ በራሱ እንዲታደስ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ከማብቂያው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለው በደንበኛ ገጽዎ ላይ ያጥፉት፤ ከዚያም የደንበኛ ቁጥርዎን ጠቅሰው በኢሜይል ያሳውቁና መልሱን ያስቀምጡ። ሒሳቡ መቆሙን በቀጣዩ ወር የባንክ ዝርዝር ላይ ይዩ። ደንበኝነትዎ የዲጂታል እትምንም የሚጨምር ከሆነ፣ ብዙዎቹ ክፍያው ባቆመ ዕለት የቆዩትንም እትሞች ስለሚዘጉ፣ ማውረድ የሚፈቀደውን ሁሉ አስቀድመው ያውርዱ። ለማደስ ከወሰኑም ቢሆን ደንበኝነቱ እስኪያልቅ መቆየት አይጎዳም፤ አሳታሚዎች ለቀረ ደንበኛ የሚያቀርቡት ዋጋ ለነባር ደንበኛ ከሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

የስድስት ዓመቱን ክምር በተመለከተ፣ የቆዩ የሳንቲም መጽሔቶች ሲሸጡ የረባ ነገር አያወጡም፤ ዋጋ ይጨምራል ብለው አያቆዩዋቸው። ሽፋኑ ላይ የሳንቲም ስም የጻፉባቸውን ገጾች በምላጭ ቆርጠው በአገርና በሳንቲም ዓይነት በአቃፊ ያስቀምጡ፤ የእትሙን ወርና ዓመት በየገጹ ጥግ መጻፍ አይርሱ፤ ያለዚያ በኋላ ምንጩ አይታወቅም። ቀሪውን ለጀማሪ ሰብሳቢ፣ ለክበብ ወይም ለቤተ መጻሕፍት ይስጡ። ለእርስዎ ያረጀው እትም ለጀማሪ አዲስ ነው።

አቃፊውን ግን ከሳንቲሞችዎ ጋር በአንድ መሳቢያ አያኑሩት። ርካሽ ወረቀትና ካርቶን የሰልፈር ውሕዶችን ይለቃሉ፤ ብር ከእነሱ ጋር ሲቆይ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናል፤ ያን ለማስለቀቅ መወልወል ደግሞ ብሩንም ዋጋውንም ይዞ ይሄዳል። ሳንቲም በመጽሔት ገጽ ጠቅልለው ያስቀመጡ ከሆነ ዛሬውኑ ያውጡትና ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ በሌለበት፣ ማይላር ከተባለ ፕላስቲክ በተሠራ ከረጢት ያድርጉት። ለስላሳው የፒቪሲ ከረጢት ከጊዜ ብዛት አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ስለሚያወጣ፣ ከመጽሔቱ ጋር በስጦታ የመጡ የሳንቲም ከረጢቶች ካሉዎት እነሱንም ከምን እንደተሠሩ ሳያረጋግጡ አይጠቀሙባቸው።